የፌንጣዋ ጣቢያ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ገና ሳይነጋ፣
አምስት ፔሶ ብቻ የምድር ሆድ ዋጋ፣
ከፍዬ ወረድሁኝ፤
ፓንቲትላን ጣቢያ ሰው እንደ አሸን ፈልቶ፣
አንዱ እንቅልፉን ይዞ፣ አንዱ ቁርሱን ትቶ።
ብርቱካንማው ባቡር እያፏጨ ሲመጣ
ማን ይጠብቃል ውስጥ ያለው እስኪወጣ!

የፊቱ ፉርጎ «ለሴቶች ብቻ» ይላል፤
ይበል፤ ክርን እንደሁ ፆታ የለው፣ እኩል ይወጋል።
ቦርሳዬን ስዳብስ የሰው እጅ ጨበጥሁ፣
ሁለታችንም ደነገጥን፤ እኔው ይቅርታ ጠየቅሁ።
አጠገቤ ያለችው፣ መስታወት በግራ፣ ማንኪያ በቀኝ ይዛ፣
በማንኪያው ጠርዝ ሽፋሽፍቷን ታጥፋለች ረጋ ብላ፣ ተክዛ፤
ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ የእሷ እጅ አይነቃነቅም፤
እንዲህ ያለ ቀዶ ሐኪም በከተማው አይገኝም።

ዐይነ ስውሩ ክሪሶስቶሞ በዘንጉ መንገድ እየከፈተ፣
«ሦስት ማስቲካ በአሥር!» ድምፁን እየጎተተ፣
በሳንቲሙ ቅጭልታ ያውቃል ማን ሰጪ፣ ማን አስመሳይ፤
የእኔን ሲቀበል «ዛሬ ዘግይተሻል» ይለኛል፣ ሰዓት እንደሚያይ።

ደግ ቀን አለ፤ ወንበር ይለቀቃል፣
የማላውቀው ሕፃን ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋል።
ክፉ ቀን አለ፤ ዝናብ ሐዲዱን ሲውጥ፣
በዋሻው መካከል መብራት ጠፍቶ ቀጥ፤
አርባ ደቂቃ ሙሉ ላብ ሲንጠባጠብ፣
አንዷ ስትቆጣ፣ አንዱ ሲያላግጥ።
«ውጣ ውረድ» ይሉታል ኑሮን፣ እንደ ተረት፤
እኔ በጉልበቴ አውቀዋለሁ፤
መቶ አርባ ደረጃ ነው፣ ሲወርዱት፣ ሲወጡት።

እናቴ ኤፒፋኒያ ፊደል አልቆጠረችም።
ከተራራ አገር መጥታ ሠላሳ ዓመት የሰው ወለል ስታጥብ
አንድ ቀን እንኳ መንገድ ስታ አታውቅም።
ለየጣቢያው ሥዕል አለው፤ እሷም በጣቷ ትቆጥራለች፦
ዳክዬ።
የፖም ሣጥን።
መርከብ።
ምንጭ።
መድፍ።
ንስር።
ደወል።
ፌንጣዋ ብቅ ስትል ቅርጫቷን አንሥታ ትወርዳለች።
እኔ የተማርሁት፣ ስም አንባቢዋ፣
ስልኬ ላይ አቀርቅሬ አንዱንም ሥዕል ልብ ብዬ አላየሁም።

ባለፈው ኅዳር ከሥራ ስገባ፣ በሩ ገርበብ፣ አልጋዋ ቀዝቅዞ።
ከዓመት ወዲህ ስም እየጣለ ነበር አእምሮዋ ደንዝዞ፤
መጀመሪያ የጎረቤቶቹን፣ ቀጥሎ የአባቴን፣ ከዚያ የእኔን።
ሆስፒታል ደወልሁ፣ ፖሊስ ደወልሁ፣ አንኳኳሁ ሰፈሩን።
የት ተገኘች?
ፌንጣዋ ሥር። ባዶ ቅርጫት አንጠልጥላ፣
«እመቤቴ ትቆጣኛለች፣ ረፈደ» እያለች፣ ከሰው ግፊያ ተከልላ።

ይዣት ተመለስሁ። ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ሲከንፍ
ዐይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ቆጠረች፣ አንድም ሳትገድፍ፦
«ደወል... ንስር... መድፍ...»
ድንገት ዐይኗን ገለጠች፣ ፊቴን አየች፣ ፈራ ተባ እያለች፣
«ልጄ» አለችኝ። ልቤ ዘለለ።
«ልጄ፣ የት ነው የምትወርጂው?» አለች፣
መንገደኛን እንደምትጠይቅ።
«ካንቺው ጋር ነኝ» አልኋት።
ዝም አለች። ሁለት ጣቢያ አለፍን።
«ስምሽ ጠፍቶኛል» አለች፣ «ሥዕልሽ ግን ምንድን ነው?»

ምን ልበላት?
ባቡሩ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ቀና ስል፣ ግድግዳው ላይ፣
ክንፏን የሰበሰበች አንዲት ዳክዬ።
«ዳክዬ» አልኋት።
ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው አፏ፣ እስኪያንቃት ሳቀች፣
ጉንጬን በሁለት ጣት ይዛ ደጋግማ አጠናች።

ዛሬም ሌሊት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ብርድ ልብሷን ደርባ፣
«ዳክዬ፣ እንዳትጋፊ!» አለችኝ።
እሺ ብዬ ወረድሁ፤ ተጋፋሁ።