ሥር

ዶክተር ሩባ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣
ዐይኗን እኔ ላይ ጥላ ትጠብቃለች።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ካንዱ አፍ ተቀብሎ ለሌላው ማጉረስ፣
ሳይፈስ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ካባት ጆሮ ማድረስ።

«ወገቧን ከፍተን፣ ካከርካሪዋ ውስጥ
የሚጮኸውን ሥር ለይተን ልንቆርጥ»
አልኩት።

አቶ ዳኘው ቆቡን ካንድ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ።
«ሥር?» አለኝ። «ሥሩ ተቆርጦ
ዛፉ በምን ይቆማል?»

ቃሉ የኔ ነበር፣ ለነርቭ ያዋስኩት፣
ከደም ሥር፣ ከዋርካ ሥር፣ ከነገር ሥር ያመጣሁት።
በዕብራይስጥም ሥር ነው፤
እዚያ ግን ማንም ሰምቶት አይደነግጥ።

ጥያቄውን መልሼ አሻገርኩላት።
ትስቃለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።
«ንገሪው፤ ይህ ሥር ውሃ አይጠጣም፣
ወሬ ማመላለስ ነው ሥራው፤
ከእግር ተነሥቶ ይጮኻል፣ ጡንቻው ሰምቶ ይጨብጣል፣
ይጨብጣል፣ መልቀቅ አያውቅም።
አንጎል ከላይ ‹በቃ› ሊለው ይገባ ነበር፤
ያ ‹በቃ› ግን ገና ስትወለድ ተጎዳባት።»

ሾሃም ሰባት ዓመቷ ነው። በሰባተኛው ወር መጣች።
ልሂድ ስትል እግሮቿ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ።
ሃይፋ ደግሞ ምሕረት የላትም፤
ከበራቸው እስከ አውቶቡሱ መቶ ሃያ ሰባት እርከን፣
አባቷ አንድ ባንድ ቆጥሮታል፣ አዝሏት።

ሌላም ወረቀት ነበር፤ የጥናቱ።
ከመቆረጡ በፊት አንጎሏን በማግኔት ማንሣት፣
ዓመት ቆይቶ ደግሞ ማንሣት፤
ታች የተቆረጠው ላይ ይሰማ እንደሆን።
«ለልጅዎ ጥቅም ላይኖረው ይችላል» ይላል አራተኛው መስመር።
ሦስት ጊዜ ተረጎምኩት።
«ታዲያ ለማን?»
«ገና ላልተወለደ።»
ዝም አለ። የራሱን ስም ከቀኝ በዕብራይስጥ ጀመረ፣
ያባቱን ከግራ በኛ ፊደል፣
መሐል ላይ ተገናኙ።

ከቀዶ ጥገናው ማግስት እግሮቿ ዝም አሉ፣
ለስላሳ፣ እንደ ተውሶ ልብስ።
ያ ግትርነት ለካ ምርኩዟም ነበር፤
ጠላት ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።
«እግሬን ማን ወሰደው?» ብላ ሌሊት አለቀሰች፣ በዕብራይስጥ።
አባቷ በአማርኛ «እኔ ጋ ነው» አላት፣
ሁለቱንም በመዳፉ ይዞ።
ለዚህ አስተርጓሚ አልጠሩም።

ከዚያ ልምምድ። ገንዳ፣ ኳስ፣ ኩርፊያ፣ ተለጣፊ ኮከብ፣
እንደገና ኩርፊያ።

ዓመቱ ሲዞር ማሽኑ ውስጥ ገባች።
በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያንኳኳል፤
ያች የማትረጋ ልጅ ሃያ ሁለት ደቂቃ ረጋች።

ስክሪኑ ላይ ሁለት አንጎል፣ የያኔውና ያሁኑ።
ለኔ ሁለቱም ለሁለት የተከፈለ ጥቅል ጎመን ናቸው።
ሩባ በእስክሪብቶ ጫፍ ካናቷ ሥር አንድ እጥፋት ነካች፦
«የእግር ሰፈር ይህ ነው። እዚህ መንገዱ የጠነከረ ይመስላል።
‹ይመስላል› በይው፣ እንዳትዘዪው።
ልጆቹ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤
ስላደገች ይሆናል፤ ስለለፋች ይሆናል።
አላውቅም።»

ዘጠኝ ዓመት ስተረጉም
«አላውቅም»ን ካንድም ሐኪም አፍ ተቀብዬ አላውቅም።
ከበደኝ። እንዳለ ሰጠሁት።

አቶ ዳኘው ምስሉን አላየም።
ልጅቷ ገና ጫማዋን አላደረገችም፤
ጎንበስ ብሎ በቤቱ ቁልፍ ውስጥ እግሯን ጫር አደረገው።
መጀመሪያ ሳቀች።
እግሯ ከዚያ በኋላ፣ ዘግየት ብሎ፣ ተሰበሰበ።
ሩባ እስክሪብቶዋን አንሥታ ነበር፤
ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አጣች።

«ትናንት ሦስት እርከን ወርዳለች፣ ብረቱን ይዛ፤
መቶ ሃያ አራት ቀረን» አለ፣ ወደኔ ዞሮ።
«ይህንንም ንገሪያት።»