ከሳህን ማጠቢያው ሥር

ከሳህን ማጠቢያው ሥር፣ ቧንቧ ከሚያንጠባጥብበት፣
አንድ የወይን ሣጥን አለ፣ ሦስት መቶ ነፍስ ያለበት።
ክዳኑን ሳነሣ ዝናብ ዝናብ ይላል፤
አፈሩ ይተነፍሳል፣ ጋዜጣው ይበላል።
የማክሰኞውን ወሬ፣ የቤት ኪራዩን ዋጋ፣
ፈገግ ያለውን ዕጩ ከክራቫቱ ጋ፣
ቀዳድጄ፣ ውሃ ነክሬ ካለበስኳቸው
ሳምንት አይሞላም፣ ጥቁር አፈር ነው በእጃቸው።
እጅ የላቸውም እንጂ።

የሻይ ቅጠል ይወዳሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት ደቅቆ፤
ሎሚ ከሸተታቸው ግን ሁሉም ይሄዳል ርቆ።
ይህን የነገረችኝ ፍራው ሊንደማን ናት፣ ከምድር ቤት፣
ባሏን ቀብራ በተመለሰች ማግስት ጎመን የተከለች ሴት፤
«ጨው አታስነካቸው፣» አለች፣ «ብርሃንም አታሳያቸው፤
እንደ ሐሜተኛ ናቸው፣ ጨለማ ነው ቀለባቸው።»

ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ።
ሳሎን ውስጥ፣ በመስታወት ቤት፣ ውሃው አሥራ ሰባት ዲግሪ፣
አንድ አክሶሎትል አለ፣ ያለ ኪራይ ኗሪ።
ዓሣ እንዳንለው አራት እግር ከነጣቱ፤
እንሽላሊት እንዳንለው ውሃ ነው መሬቱ፤
ባንገቱ ዙሪያ ስድስት ሮዝ ላባ ተክሎ
ይስቃል ቀኑን ሙሉ፣ ሰው ሁሉ ወዳጄ ብሎ።

ልጄ ትንግርት ናት ያመጣችው፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ከትምህርት ቤት፣ በትራም፣ ባልዲ አቅፋ በደረቷ።
«አባዬ፣ ይኼ አያድግም፣» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ፣
«እግሩ ቢቆረጥ ይበቅላል፤ ልጅ እንደሆነ ነው የሚዘልቅ።»
ስሙንም አቶ ዝም አለችው።

የሱቁ ትል ዋጋው እሳት፣ እሱም ቢሆን የደረቀ፤
አቶ ዝም ባፉ ይዞ ይተፋዋል እንደተናነቀ።
እኛው ማርባት ጀመርን።
እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ትል መንካት ይቀፈኝ ነበር፤
በእኛ ቋንቋ ትል ማለት ባለቤት ነው፣ የመቃብር።
ትንግርት ግን በመዳፏ ይዛ፣ በቧንቧ ውሃ አጥባ፣
እንደ ፈትል ቀስ አድርጋ ውሃው ውስጥ ስታስገባ፣
ዋጥ!
አይጸልይ፣ አያመሰግን፤ ፈገግታው ግን አይጎድልም፤
ሁለቱንም የማሳድግ እኔው ነኝ፤ ለማን እንዳደላሁ አላውቅም።

ከዚያማ ትንግርት አደገች። ማን ይከለክላታል?
በበሩ መቃን ላይ ያለው የእርሳስ መስመር ይመሰክራል፤
እኔ ጋ ደረሰ፤ አለፈኝ፤ አንድ ጥቅምት ላይ ቆመ።
ብሬመን፣ ዩኒቨርሲቲ። ሁለት ሻንጣ። ቤቱ ታመመ።
አቶ ዝም ቀረልኝ፣ ሳያድግ፣ በያዘው ፈገግታ።
ሌሊት ከትራሙ ጋራዥ ስመለስ፣ ላይፕዚግ ስትተኛ በጸጥታ፣
አንድ ትል አጥቤ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይውጣል፣ እኔም ሻዬን።
ራታችን ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። «ትሎቹ እንዴት ናቸው?» ትላለች፤
ከዚያ አቶ ዝምን፤ ከዚያ፣ ትዝ ካላት፣ እኔን ትጠይቃለች።
«አባዬ፣ በረንዳ አለኝ፤ ቲማቲም ልተክል ነበር፤
ግን እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ነፍስ የሌለው አፈር።»

ቅዳሜ ጧት የእርጎ ኩባያ ክዳኑን በመርፌ በሳሁ፤
(አርባ ሰባት ላይ ተሳስቼ እንደገና ቆጠርኩ)
ሃምሳ ትል ከነአፈሩ አስገብቼ ባቡር ያዝሁ።
ማግደቡርግን አልፈን ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬቴን አየ፣
ጭኔ ላይ ያለውን ኩባያ አየ፤ ቀዳዳዎቹን አየ።
«ምንድን ናቸው?»
«የልጄ ናቸው።»
ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ጠጋ አደረገ፤ ምንም አልሰማም።
ለእነሱ ትኬት አልጠየቀም።