የፔላ ጠጠር ለቃሚ

ስምሽን አላውቅም፣ አዴያ ልበልሽ፤
ሙዚየሙ እንደሆን ቁጥር ነው የሰጠሽ።
ከወለልሽ በታች፣ ገንቦ ከቀበርሽበት፣
ሦስት ብር አወጡ፣ ጠቁሮ እንደ ጥላሸት።
ሲወለውሉት ታየ የሦስት ንጉሥ ፊት፦

አንደኛው ባለቀንድ፣ ጥምዝ እንደ አውራ በግ፣
ሌላው የዝሆን ቆዳ ዘውድ የደፋ በወግ፣
ሦስተኛው አገጩ ወደ ፊት የሾለ፣
የሰው ልጅ መሆኑን ረስቶ አምላክ ነኝ ያለ።
ሦስቱም ፊታቸው ወደ ቀኝ የዞረ፣
አንዱ አንዱን ላያይ በብር የታሰረ።

ያኔ ፔላ ወደብ፣ ውሃው ከደጅሽ ሥር፣
መርከብ እህል ጭኖ እየገባ ሲያድር፣
ያንቺ እንጀራ ግን ጠጠር መልቀም ነበር።
ነጩን ለአንበሳ ጥርስ፣ ጥቁሩን ለጥላ፣
ቢጫውን ለጸጉር፣ ቀዩን ለሰው ገላ።
የሀብታም አዳራሽ ወለል እንዲነጠፍ
ወገብሽ ጎበጠ ከወንዙ ዳር ጫፍ።

ሦስት ልጆች ነበሩሽ (ይኸም የእኔ ግምት)፣
ጦር ይዘው የሄዱ፣ የሦስት ሰው ቁመት።
አንድ ንጉሥ ተከትለው ወጡ በአንድ ጀንበር፤
ንጉሡ ባቢሎን ላይ በትኩሳት ሲቀር፣
አልጋው ለማን እንደሁ ሳይናገር በቅጡ፣
የጦር አለቆቹ ቢላ ስለው መጡ፤
ምድርን እንደ ቅርጫ መደብ መደብ አወጡ።
ለአንዱ ግብፅ ደረሰው፣ ናይል ከነስቡ፣
ለአንዱ ሰፊው እስያ፣ ሽንጡ ከነልቡ።
መቄዶንያ ግን፣ አጥንት የበዛበት፣
አምስቴ ስድስቴ ቢላ ተማዘዙበት።

ልጆችሽም ላይ ዕጣ ወጣ፤
ዴርዳስ ለግብፁ ጌታ፣ ኮይኖስ ለእስያ፣
ሊምናዮስ ለትራቄ፣ ለሰሜን አቅራቢያ።
ባንድ ጡት ያደጉት፣ ባንድ ቁርበት የተኙ፣
እንደ ባላንጣ ሰው ጦር ለጦር ተገናኙ።
ንጉሥ ሁሉ በስሙ ከተማ ቆረቆረ፣
ለእናቱ፣ ለሚስቱ፣ ለፈረሱም አልቀረ፤
አንቺን ግን የጠራ አንድ መንደር አልነበረ።

ሞቱ ወይስ ዳኑ፣ የሚነግርሽ አጣሽ፤
ብቻ አልፎ አልፎ መርከበኛ መጣሽ፣
«ልጅሽ ላከ» ብሎ አንዲት ብር ሰጠሽ።
አልመነዘርሻትም።
የልጅሽን መልክ ፈልገሽባት ይሆን፣
ከንጉሡ ጉንጭ ላይ፣ በኩራዝ ብርሃን?

*

ዛሬ ፔላ መንደር ናት። ባሕሩ ሸሽቷል፤
ወንዞቹ በደለል ወደቡን ደፍነውታል።
መርከብ በቆመበት ኮክ ያብባል በመጋቢት፣
ትራክተር ይሄዳል ጥጥ በተዘራበት።
ፎቲኒ፣ ጠባቂዋ፣ ትኬት የምትቀድ፣
ቁልፏን ታንቃጭላለች፣ «መሸ» ልትል፣ «እንሂድ»።
«ነገሥታቱስ?» ብላት ትከሻዋን ሰብቃ፣
«ተባልተው ተባልተው፣ ሮም ለቀመች፣ በቃ።»

በቃ አይደለም ግን። ከጓዛቸው ወድቆ፣
ቋንቋቸው ብቻውን ሄደ ገበያ ዘልቆ፤
ከአህያ ነጂ አፍ፣ ከነጋዴ ሒሳብ፣
ቀይ ባሕር ደረሰ፣ ከአዱሊስ ወደብ።
የአክሱም ንጉሥ ወርቁን፣ መልኩን ሲያስቀርጽበት፣
በግሪክኛ ነበር ስሙን የጻፈበት።
ዛሬም ዲያቆን ስንል፣ ክርታስ ስንል፣ ሳናውቅ፣
ያ የሠራዊት ጓዝ ከምላሳችን አይርቅ።

ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ አየሁ፣
ወለሉ ላይ ያለውን የአንበሳ ጥርስ ቆጠርሁ።
አንድ ጠጠር ጎድሏል። የቀረው፣ ዘመን አልፎ፣
ባለጫማ ረግጦት፣ ጭቃ መጥቶ ጎርፎ፣
አልተነቃነቀም፤
ጣትሽ ካኖረበት።

ሦስቱ ብሮች ግን ወደ ቀኝ እንዳዩ ናቸው፤
በስተቀኝ በር አለ።
ፎቲኒ ዘጋችው።