የተገዛ ጉልበት

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ሰባተኛው ፎቅ፤
ሊፍቱ ከተኛ ሦስት ቀኑ፣ መቼ እንደሚነሣ ማንም አያውቅ።
እናቴም ተኝታለች፣ ግራ እግሯ ትራስ ላይ፤
ከቆዳዋ ሥር ብረት፣ ከብረቱ በላይ
ሃያ ሁለት ክሊፕ፣
ከላይ ወደ ታች የተዘጋ የቦርሳ ዚፕ።

ሃያ ሦስት ዓመት ባልዲ አንጠልጥላ
በሰው ቤት ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ ጉልበቷን ከፋፍላ
ለዚህ አገር ሸጠች፣ በወር በችርቻሮ፤
አገሩም መልሶ ሸጠላት ዘንድሮ
አንድ ጉልበት፣ ቁጥር የተጻፈበት።
ግማሹን ኢንሹራንስ ቻለው፤
የቀረውን እኔ፣ በየወሩ፣ እስከ መጋቢት።

ክኒኑ በእነሱ ሰዓት ስምንት፣ በእኛ ሁለት፤
ስልኬ በእነሱ ይጮሃል፣ እሷ በእኛ ትቆጥራለች፤ አልተስማማንበት።
ቀጥሎ መርፌው፣ ደም ማቅጠኛው፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ፤
«እጅሽ ተንቀጠቀጠ» ትላለች፤
ዓይኗን ጨፍና እንዴት አየችው፣ ያውም ቶሎ!
ሾርባው በፔርሙስ፣ ከዘራው እጇ አጠገብ፣ ስልኳ ቻርጅ ላይ፤
ሰባቱን ፎቅ ቁልቁል በእግሬ፣ ያመለጠኝን አውቶቡስ ከኋላው ሳይ፤
ከዚያ ሽቶ መደብር፤ አሥር ሰዓት ቆሜ፣
የሰው አንጓ ዑድ ስቀባ ውዬ፣ የራሴን ጫማ ረግሜ
እመለሳለሁ።

ከዚህ በፊት ግን፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣
የራሴ የምለው ነበረኝ፤ ማንም የማይነካው ቦታ፦
አል መምዘር ዳር፣ በሴቶች ቀን፣ ባሕር ውስጥ፣ እስከ አንገት።
በሠላሳ አንድ ዓመቴ ዋና ጀመርኩ። እናቴ ሳቀችበት፦
«የወረኢሉ ልጅ ባሕር ውስጥ ምን ጣለች?»
ማሪሴል ግን፣ የማኒላዋ አስተማሪዬ፣ እጇን ከሆዴ ሥር ዘርግታ
«ውሃውን አትደብድቢው፣ ተኚበት» ትላለች።

አሁን የዋና ቦርሳዬ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤
መነጽሬ ላይ የቀረው ጨው ደርቆ ዱቄት መስሏል።
ማሪሴል ድምፅ ትልካለች፦ «ዛሬ እኮ ማዕበሉ ዝም ብሏል!»
አልመልስም።
ቁስል ፊት ቆሞ ባሕር ናፈቀኝ ይባላል?

አንድ ሌሊትማ፣ ልናገረው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራ
እንዳልሰማ ሆንኩ፤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ብቻዬን፣ ከጨለማው ጋራ።
ስነሣ ምንም አላለችም።
እስካሁን የሚከብደኝ እሱ ነው።

ሐሙስ ማታ ሺባ መጣች፣ የኬረላዋ ነርስ ጎረቤታችን፤
«ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ ይደርቃል» ብላን ሄደች፤ ተያየን።
እናቴ እያጠፈች ስትቆጥር፣ ሁሌም ሰባት ላይ ትተዋለች።
ሳፋውን አመጣሁ፣ ልብስ የምንዘፈዝፍበትን፤ ሞላሁት፤
ከአልጋዋ ሥር አስቀመጥኩት፤
መነጽሬን አጥልቄ ተንበረከክሁ። «አበድሽ?» አለች።
«አንቺ እጠፊ፣ እኔ ልጥለቅ፤ ቆጠራው ያንቺ።
ቀድሞ የተወ ነገ ሽንኩርት ይከትፋል።»

ፊቴን ነከርኩ።
ውሃው ኦሞ ኦሞ ይላል። ድምጿ ከላይ፣ ከሩቅ፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰባት ላይ ቆመች፤
ትንፋሼን ጨበጥኩ፣ ስጠብቅ።

ስምንት።

ዘጠኝ፣ በጥርሷ መሃል። አሥር፣ በእመብርሃን ስም።
አሥራ አራት ላይ ደረቴ እምቢ አለ፤ ወጣሁ፤
ምንጣፉ ራሰ፤ እሷ አልወጣችም፤
እግሯ እንደታጠፈ፣ ላቧ በአገጯ እየወረደ፣
«አሥራ አምስት» አለች።
«ሽንኩርቱ ያንቺ ነው።»

መብራቱን አጥፍቼ ልወጣ ስል ጠራችኝ፤
በመጀመሪያው ጥሪ ሄድኩ።
«ያ ባሕርሽ» አለች፣ «ደረጃ አለው?»
«የለውም።»
«እሰይ።»