አይኖን ደሴን ሳዞራት

«አይኖ ነኝ» አለችኝ፣ እጇን ዘረጋችና፤
«የማን ዓይን?» ልል ስል፣ ሳቄ ቀደመና
ዝም አልኩ።

ከፊንላንድ ነው የመጣች፣ በተማሪ ልውውጥ፣
አንድ ወር ልትከርም፣ የኛን አፈር ስታገላብጥ።
መምህር ሸጋው ናቸው ያሸከሙኝ፦
«የደሴ ልጅ አይደለህ? ቅዳሜን አዙራት» ብለው።
የደሴ ልጅስ ነኝ፤ ደሴን ግን ዞሬ አላውቅም፤
ሰው ቤቱን ይኖርበታል እንጂ፣ ቤቱን አይጎበኝም።

ጠዋት ጦሳ የለም፤ ጉም ወርዶ ውጦታል።
«ተራራው የት ሄደ?» አለች ካርታዋን ገልጣ፤
«አለ» አልኳት፣ «ተኝቶ ነው፤ አርፍዶ ነው የሚመጣ።»

እንድሪስ ባጃጁን አቆመ፤ «ሁለት መቶ» አለ ደፍሮ፣
ከኋላዋ እኔን ሲያይ፣ ሰማንያ አረጋት አፍሮ፤
ሆጤ አንድ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ተጋፍተናል።
ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ፣ በዝምታ ለቀቀን፤
ለነዳጁ ነው የሱስ።
አይኖ ግን ለጸጥታው መስሏት
ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ አመሰገነችው።

ስም ትጠይቃለች፤ ረዳት በጮኸ ቁጥር።
«ቧንቧ ውሃ ማለት?»
«የቧንቧ ውሃ ማለት ነው።»
«ዛሬም ይመጣል ውሃው?»
«አንዳንዴ፣ ሌሊት ነው።»
«ሰኞ ገበያስ?» «ሰኞ የሚቆም ገበያ።»
«ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ታዲያ ይሄ ሁሉ ጫጫታ?»
ምን ልበላት?
ስሙ ሰኞ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ገበያው አልጠበቀውም።
ካርታዋ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃ
ጣቷን አሳረፈች፤ «ዶሮ መዝለያስ?»
«ዶሮ... የምትዘልበት።»
«የት ለመድረስ?»
ስንቴ በዚያ ወርጄ፣ ስንቴ በዚያ ወጥቼ፣
አልጠየቅኳትም ዶሮዋን፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ።

ሙዚየሙ በር ላይ ጋሽ አራጌ ትኬት ቆረጡ፣
ለሷ የውጭ ዜጋ፣ ለኔ የተማሪውን ሰጡ።
«ስንተኛህ ነው አንተ?»
«የመጀመሪያዬ» አልኩ፣ ድምፄን ቀብሬ።
ውስጥ መስታወት አለ፣ ባዶ፤
የዕቃው ስም ተጽፏል፣ ዕቃው ግን የለበትም።
«እዚህ ምን ነበረ?» አለች።
ጋሽ አራጌ ትንሽ ቆዩ።
«ነበር» አሉ፣
ሌላም አልጨመሩ፤
በኮታቸው እጅጌ መስታወቱን ጠረጉ።

አይጠየፍ አዳራሽ ስንደርስ፣ ስሙን ሦስቴ አስደገመችኝ፤
ጠ ላይ ምላሷ ይሰበራል።
«ማንን ነው የማይጠየፈው?»
«ማንንም። የመጣ ሁሉ ይበላበት ነበር ይባላል።»
ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው፣ ግንባር እንደሚነካ፤
«በኛ አገር» አለች፣ «ቤት ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

አስር ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈ።
«መጣ!» ብላ ጮኸች፣ በሁለት ቀን አማርኛዋ፤
እውነትም መጣ ጦሳ፣ አረንጓዴ ትከሻውን እያሳከከ።
ዳገቱን ጥቂት ወጣን፤ ፎቶ አነሳች፤ አሳየችኝ።
በሁለት ጣቴ አሰፋሁት፦
ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነ ቆርቆሮ፣
አጥር ላይ የተሰጣ ቀይ ብርድ ልብስ።
የእናቴ ነው።
ከላይ አይቼው አላውቅም፤
ቤታችን ትንሽ ነው ለካ፤ ቀዩም እንዲህ ቀይ ነው።
«ምነው?» አለችኝ።
«ምንም» አልኩ፤ ስልኩን ግን ቶሎ አልመለስኩም።
የገዛ ደጄን በሰው ዓይን፣ በአይኖ አይቼው ዋልኩ።

ማታ ካደረስናት በኋላ፣ ለእንድሪስ ነገርኩት፦
«ዶሮዋ ወዴት ነበር የዘለለችው?»
ይስቃል ብዬ ነበር።
ሞተሩን አጥፍቶ ማሰብ ጀመረ፤
ቁልቁለትም አልነበረ።