ከአንድ እስከ አምስት

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው፤ ጥያቄው አሥራ ሁለት፤
አንድ፣ «ፈጽሞ አልረካሁም»፤ አምስት፣ «እጅግ ረካሁ» ማለት።
መካከል ላይ ሦስት አለ፣
«መቼስ ምን ይደረግ» ብሎ ለቻለ።

ከተሀድሶ ማዕከሉ በሰጡኝ ስም ዝርዝር
ዘጠነኛው፣ «ዳንጊሶ ሌዳሞ፤ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር።»
አሞራ ገደል መግቢያ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር
አገኘሁት። ፊቱ ሚዛን። ካርቶን ላይ በከሰል፦ «ኪሎ፣ አምስት ብር።»

የወንበሩ ቀኝ ጎማ የፋብሪካ፣
የግራው የብስክሌት ነው፤ በጣት ይበልጣል፣ ለካ።
ሲገፋው ወደ ቀኝ ይስባል፤
«ወደ ሐይቁ ነው የሚወስደኝ፣ ዓሣ ሳያምረው አይቀርም» ይላል።
«አንቱ» ስለው «ተወኝ» አለ። «አንተ በለኝ።»
እሺ ብዬ ጀመርኩ።

«በመጠኑ ረክተሃል? በቁመቱ፣ በስፋቱ?»
«ማንን ነው የምትጠይቀው? እኔን ነው ወይስ ቤቱን?
የቤቴ በር ሰባ ሳንቲም፣ ወንበሩ ሰባ ሁለት፤
እሱ ውጭ ያድራል፣ እኔ በክንዴ ድሄ እገባለሁ ቤት።»
«ታዲያ ስንት ልበል?»
«ለእሱ አምስት። ለበሩ አንድ በል።»

«ደህንነቱስ?»
«ተመስገን ነው፤ ሜዳ ናት ሐዋሳ፤
ባጃጁ ግን ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋል፣ ልክ እንደምነሳ።»

«ሲሰበርስ? በጥገናው ረክተሃል?»
«ማዕከላችሁ ‹ዕቃው ከውጭ ይመጣል› ብሎኛል፤
ሁለት ክረምት አለፈ፣ ዕቃው ገና መንገድ ላይ ነው፤
መናኸሪያ ጋ ያለው ሹምዬ፣ ብስክሌት ሠሪው፣
‹እድርተኛ አይደለን?› ብሎ በአንድ ከሰዓት አቆመው።
ሹምዬ ቅጻችሁ ላይ አለ?»

አልነበረም።

ሰባተኛው። «ክብደቱስ? በክብደቱ ረክተሃል?»
ዝም አለ።
ዓሣ የሚያጥቡት ልጆች ጋ አንድ አባ ኮዳ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣
መልሱን የሚጠብቅ ይመስላል፣ አንገቱን አስግሞ።

«ክብደቱን አላውቀውም። ስንቱን መዘንኩ እኮ፤ የከሳ፣ የደለበ፣
‹አንዷን ኪሎ ቀንስልኝ› ብሎ የለመነ፣ የተሳደበ፣
በየሳምንቱ የምትመጣ ነፍሰ ጡር፣ ከሆስፒታል የወጣ ሰው
ቁጥሩን አይቶ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞረ፣ እንዳላየው።
ራሴን ግን፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት...
አያነብም ይሄ ነገር፣ ካልቆሙበት።»

ብዕሬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ቅጹን ድንጋይ ጫንኩበት።

መጀመሪያ ወንበሩን አጥፌ፤ ሃያ ሦስት ተኩል አለ።
ከበርጩማው ላይ ሳቀ፤ «የፋሲካ በግ አከለ!»
ከዚያ እኔ ብቻዬን፣ ስልሳ ስምንት።
ከዚያ ጎንበስ አልኩለት።
ክንዶቹን አንገቴ ላይ ጠመጠመ፤ አዘልኩት።

ሚዛኑ ሲጥ አለ። መርፌው ዋለለ።
ጎንበስ ብዬ እንዳላይ የሰው ሸክም ከለከለ፤
አንዱ ዓሣ አጣቢ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቀረበ፣
«መቶ ሃያ አንድ!» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

ሲቀነስ ስልሳ ስምንት፣
ሃምሳ ሦስት።

ዳንጊሶ ደገመው፤ እንደሚያጣጥም ሰው፣
«ሃምሳ ሦስት...» እንደ ልጁ ስም ጠራው።
ከዚያ፣ ወንበሩን አሻግሮ እያየ፦
«እበልጠዋለሁ።»

ወረቀቴን ላነሳ ስል እጁን ዘረጋ፤ «አሥራ አምስት!»
«የምን?»
«ለወንበሩ አምስት፣ ለአንተ አምስት፣ ለሁለታችን አምስት።»
ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም።

በማግስቱ ቢሮ፣ መረጃ የምታስገባው ምንታምር
ቅጹን ይዛ መጣች፣ ግንባሯን ቋጥራ፤ «ይሄ ምን ይሉት ቁጥር?
ሰባተኛው ላይ ሃምሳ ሦስት ጽፈሃል፤
ኮምፒውተሩ ከአምስት በላይ አልቀበልም ይላል።»
«ባዶ ተይው» አልኳት።
ልትሄድ ስትል ጠራኋት፦
«ምንታምር፣
የበሩን አንድስ የት አስገባሽው?»