አምስተኛዋ ቁልፍ

ጣሊያን ደሴን ሲለቅ፣ አንዱ፣ ጫማው የተቀደደ፣
በሁለት ቁና ማሽላ አኮርዲዮኑን ሸጦ ሄደ።
አያቴ ይማም አንጥረኛ ነው፣ ዜማ ማን አስተምሮት፤
ከፍቶ ሲያየው ሆዱ ሙሉ የብረት ምላስ አገኘበት።
«ምላስ ካለውማ» አለ፣ «ቋንቋ ይለምዳል ቀስ ብሎ።»
ሁለት ወር ሙሉ ሞረደው፣ ከኩራዝ ሥር አድሮ ውሎ፣
አምባሰልን እስኪናገር፣ የአገሩን ቅላጼ ጥሎ።

አባቴን፣ ደምሌን፣ የክፍለ ጦሩ ኪነት መልምሎ ወሰደው፤
ከጠመንጃ ይቀላል ሲል ሁለቱንም አሸከመው።
ከምሽግ ምሽግ ሲጫወት፣ አንድ ማታ፣ ዘፈን መሐል፣
ለደረቱ የመጣ ፍንጣሪ እንጨቱ ውስጥ ቀርቷል።
ይህን እሱ አልነገረንም፤ ከጓዶቹ ነው የሰማነው።
እኛ በዓይናችን ያየነው
አንዲት ቁልፍ መሞቷን ነው፣
ከታች አምስተኛዋ፣ ቢጫኗት የማትተነፍስ።
አባቴ እሷ ጋ ሲደርስ
በአፉ ይሞላት ነበር፦ «እም»፣
ቀጭን፣ ዘንበል ያለች፣ እንደ ጥርስ ሕመም።
ሸዋበር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሠርግ የጠራው ሁሉ ለመዳት፤
ሙሽራው ሳይቀር ከንፈሩን ገጥሞ ጠበቃት።
እኔም ልጅ ነኝና የመሰለኝ፣
ዘፈን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሰው ካልገባበት ጎደሎ ነው።

አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ፣
ከጦሳ ወዲያ መድፍ ሲቀርብ፣ ሲርቅ፣
አኮርዲዮኑን ዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብሬ፣
ከማልን ጎትቼ፣ እናቴን ደግፌ፣ ኮምቦልቻን ቁልቁል በእግሬ።
አባቴ ይህን አላየም፤ ስኳር በሽታ ቀደመው።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ
በር የለም። ዱቄት የለም። የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር የለም።
እሱ ግን ጓሮ ወድቋል፣ ሆዱ ላይ የጫማ ዳና፤
አይበላ፣ አይተኮስ፣ ማን ይፈልገውና።

ከማል አራግፎ ነካካው። አምስተኛዋን ተጫነ።
ጮኸች።

አርባ ዓመት ዝም ያለች!
የረገጣት ሰው ፍንጣሪውን ነቅሎላት ይሆናል፤
ስሙን አላውቅ፣ ልመርቀው፣ ልርገመው?

ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አያቴ እንደሞረደው።
የአባቴ «እም» ግን ከዚያ ዝቅ ትላለች፤
ለካ ዕድሜውን ሙሉ ስቷል፣
እኛም ከእሱ ጋር ስተን፣ ሠርገኛው ሁሉ ስቶ ጨፍሯል።

እናቴ ከውስጥ፣ «ያቺ ደግሞ ማናት?» አለች፣
እንግዳ በሩን የገፋ መስሏት።

የክብሪት እንጨት ሰብሬ ከቁልፏ ሥር ወተፍኩ።
«በል፣ ከመጀመሪያው» አልኩት።
አራተኛዋን አለፈ፤
አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና
ከንፈሩን ገጠመ።